ብርሃኑን ስጋርደው ያልጠፋው ቁጥር

ስክሪኑ ላይ 0.38 ሚሊቮልት ይላል። ደስ አለኝ። ሦስት ሳምንት የለፋሁበት የቡና ቅጠል በመጨረሻ ተናገረ ብዬ ቁጥሩን ደብተሬ ላይ ጽፌ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። የላቦራቶሪው ቴክኒሻን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ ከኋላዬ መጥተው አዩት።

«እስቲ ቅጠሉን አውጣው» አሉኝ።

አወጣሁት። ቁጥሩ 0.31 ሆነ።

«ታዲያ አሁን የምትለካው ምንድን ነው ልጄ?»

መልስ አልነበረኝም። ቅጠል የለም፤ ቁጥር ግን አለ። ያንን 0.31 ለማጥፋት ወር ከአሥር ቀን ፈጀብኝ። ይህን የምጽፈው ደካማ ብርሃን ለመለካት ላቦራቶሪ ገብታችሁ ግራ ለገባችሁ ተማሪዎች ነው። እኔን ወር ያስፈጀኝ እናንተን ሁለት ቀን ብቻ ቢወስድ ደስ ይለኛል።

መጀመሪያ የምለካው ምን እንደነበር ልንገራችሁ። ቅጠል ላይ ሰማያዊ ብርሃን ስታበሩ ክሎሮፊሉ ከዋጠው ላይ ጥቂቱን፣ ብዙ ጊዜ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጁን፣ ቀይ አድርጎ መልሶ ያወጣዋል። ፍሎረሰንስ ይባላል። ከቅጠሉ ላይ የሚንጸባረቀው ሌላ ብርሃን ስለሚሸፍነው ዓይናችን አይለየውም። ግን ስለ ተክሉ ጤና ብዙ ይናገራል። ቅጠሉ ገና ሳይጠወልግ ውስጡ መታመሙን ሊያሳይ ይችላል። እኔም በዚህ ነው የተሸነፍኩለት።

ደካማ ብርሃን የመለካት ሐሳብ መጀመሪያ አልነበረኝም። ቅጠሉ ላይ የማበራበትን ሰማያዊ ኤልኢዲ (ትንሿን መብራት) ከፍ አድርጌ ብዙ ሲግናል፣ ማለትም ብርቱ ምልክት፣ አገኛለሁ ብዬ ነበር። ከፍ ሳደርገው ግን ቁጥሩ አልረጋ አለ። ልክ እንዳበራሁት ሽቅብ ይዘላል፤ ከዚያ በደቂቃዎች ውስጥ ቀስ እያለ ይወርዳል። ደካማውን ሲግናል የሚያጎላውን ሰርኪዩት፣ አምፕሊፋየሩን፣ ጠረጠርኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ፈታሁት፣ ገጠምኩት፣ ሬዚስተር ቀየርኩ። በመጨረሻ በቅጠሉ ቦታ የሚያበራ ቀይ የፕላስቲክ ማስመሪያ አስቀመጥኩ። ቁጥሩ ቀጥ ብሎ ቆመ። ለካ የሚዋዥቀው መሣሪያው ሳይሆን ቅጠሉ ራሱ ነው! ጨለማ ውስጥ የቆየ ቅጠል ድንገት ብርቱ ብርሃን ሲያርፍበት ፍሎረሰንሱ ከፍ ይልና ፎቶሲንተሲሱ ሥራ ሲጀምር ይወርዳል። ሃንስ ካውትስኪ የሚባል ጀርመናዊ ኬሚስት በ1931 እ.ኤ.አ. ያሳየው ነገር ነው።

ስለዚህ ቅጠሉን ሳልቀሰቅስ ላየው ከፈለግኩ ያለኝ ምርጫ የማበራውን ብርሃን በጣም ዝቅ ማድረግ ነበር። ዝቅ ሳደርገው ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ፎቶዳዮድ ላይ የሚደርሰው ቀይ ብርሃን ወደ 20 ፒኮዋት (የዋት ትሪሊዮንኛ) ገደማ ሆነ። አንድ ፒኮዋት ቀይ ብርሃን በሰከንድ ወደ 3.5 ሚሊዮን ፎቶን ነው። ሲሰሙት ብዙ ይመስላል። ግን የሲሊከን ፎቶዳዮድ በዚህ ቀለም ለአንድ ዋት ብርሃን የሚሰጠው 0.45 አምፒር ገደማ ነው። 20 ፒኮዋት 9 ፒኮአምፒር ብቻ ይሆናል። ተራ መልቲሜትር ይህን አያየውም።

ይህን ከረንት ወደ ቮልቴጅ የሚቀይረው አምፕሊፋየር ልቡ ያለው አንዱ ሬዚስተር ላይ ነው። እኔ መጀመሪያ 1 ሜጋኦም አድርጌ ነበር። ጋሼ ናቸው 100 ሜጋኦም ያስደረጉኝ። ምክንያቱ ይህ ነው። ሬዚስተሩን 100 እጥፍ ስታሳድጉት ሲግናሉ 100 እጥፍ ያድጋል። ሬዚስተሩ ራሱ ከሙቀቱ የተነሳ የሚያወጣው ኖይዝ (ያልተፈለገ መዋዠቅ) ግን የሚያድገው 10 እጥፍ ብቻ ነው። በክፍል ሙቀት ከ100 ሜጋኦም ጋር የሚመጣው ኖይዝ በ1 ሄርዝ ባንድዊድዝ ወደ 1.3 ማይክሮቮልት ነው። የእኔ ሲግናል ደግሞ 0.9 ሚሊቮልት። በቂ ክፍተት አለ። በትንሽ ሬዚስተር ለክቶ በኋላ በሌላ አምፕሊፋየር ማጉላት ግን ኖይዙንም አብሮ ማጉላት ነው፤ የጠፋው ነገር አይመለስም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። 100 ሜጋኦም ላይ የጣት አሻራ እንኳ ጉዳይ ነው። ከብየዳ የተረፈ ቅባትና የእጅ ላብ ሰሌዳው ላይ የራሱን መንገድ ለከረንቱ ይከፍታል። በአይሶፕሮፒል አልኮል አጥቡት፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ በኋላ በእጃችሁ አትንኩት።

ያን ቁጥር ያነበብኩበት መሣሪያ፣ ሎክ-ኢን አምፕሊፋየር፣ ለምን እንዳስፈለገ ደግሞ በአጭሩ። ብርሃኑን ዝም ብላችሁ አብርታችሁ ብትለኩ የክፍሉ ብርሃን፣ የአምፕሊፋየሩ መንሸራተት፣ የሙቀት ለውጥ፣ ሁሉም አንድ ላይ ይደመራል። ስለዚህ ኤልኢዲውን በፈንክሽን ጄኔሬተር (የኤሌክትሪክ ምት በሚያወጣ መሣሪያ) በታወቀ ፍጥነት ታበሩታላችሁ፣ ታጠፉታላችሁ። ሎክ-ኢኑ በዚያ ፍጥነት የሚመላለሰውን ብቻ ይዞ ሌላውን ይጥላል። በገና ሌሊት ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ድምፅ መሃል ከበሮውን የምንለየው ምቱን ስለምናውቀው አይደል? እንደዚያ ነው። ከዚህ ሐሳብ ጋር ስማቸው አብሮ ከሚነሳው አንዱ አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ዲኪ ነው። በ1946 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ራዲዮሜትር (የጨረር መለኪያ) መቀበያውን በአንቴናውና በሚታወቅ ምንጭ መካከል እያመላለሰ፣ ከመሣሪያው ኖይዝ በታች ያለ ደካማ የማይክሮዌቭ ሲግናል ለካበት።

ፍጥነቱን 137 ሄርዝ አድርጌዋለሁ። የእኛ የመብራት ኃይል 50 ሄርዝ ነው። የጣሪያው ፍሎረሰንት አምፖል ደግሞ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ስለዚህ ከ50፣ ከ100፣ ከ150 እና ከመሰሎቻቸው ራቅ ያለ ቁጥር ምረጡ። 100 ሄርዝ ላይ ብትለኩ የምትለኩት ጣሪያውን ነው።

አሁን ወደዚያ 0.31 እንመለስ። ሎክ-ኢን ከተገጠመ በኋላ የቀረው ቁጥር ሁሉ እውነት ይመስለኝ ነበር። ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። ሎክ-ኢን የሚጥለው ከእናንተ ምት ጋር የማይሄደውን ብቻ ነው። በእናንተው ምት የሚመጣ ውሸት ካለ ግን እንደ እውነት ተቀብሎ ያሳያችኋል። እንዲያውም አጥርቶ፣ አሳምሮ ያሳያችኋል።

ጋሼ ያስተማሩኝ ዜሮን ሦስት ጊዜ መለካት ነው። መጀመሪያ ኤልኢዲውን አጥፉ፤ ሌላው ሁሉ እንደነበረ ይሁን። ቀጥሎ ኤልኢዲው እየበራ ፎቶዳዮዱን በብረት ክዳን ግጥም አድርጋችሁ ክደኑት። በመጨረሻ ክዳኑን አንሱና ኤልኢዲው እየበራ ቅጠሉን ብቻ አውጥታችሁ በቦታው ጥቁር ነገር አስቀምጡ። ሦስቱም ዜሮ መሆን አለባቸው። ሦስቱ ግን የሚያጋልጡት የተለያየ ሌባ ነው።

ኤልኢዲው ሲጠፋ የእኔ ቁጥር ዜሮ ሆነ። ጥሩ። ፎቶዳዮዱን ስከድነው ግን 0.22 አለኝ። አስቡት፤ አንድም ፎቶን አይገባም! የሚገባው ኤሌክትሪክ ነው። ጠረጴዛውን አጎንብሼ አየሁት። የኤልኢዲው ገመድና የፎቶዳዮዱ ኬብል ጎን ለጎን ተያይዘው ግማሽ ሜትር ያህል ይሄዳሉ። አሳምሬ ያሰርኳቸው እኔው ነኝ፣ በናስትሮ። ሁለቱም ደግሞ ከአንድ ፓወር ሰፕላይ ነው የሚበሉት። ኤልኢዲው በበራ ቁጥር ትንሽ ምት ወደ አምፕሊፋየሩ ይዘላል፤ ሎክ-ኢኑም «የእኔ ምት ነው» ብሎ ይቀበለዋል።

ናስትሮውን ፈታሁት። የኤልኢዲውን ሁለት ሽቦ እርስ በርሳቸው ገመድኳቸውና በጠረጴዛው በሌላው ወገን አሳለፍኩ። አምፕሊፋየሩን ከፓወር ሰፕላዩ አላቅቄ በሁለት 9 ቮልት ባትሪ አስነሳሁት። ከዚያ ፎቶዳዮዱንም አምፕሊፋየሩንም ባትሪዎቹንም ክብ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከተትኩ። ቀለሙን በአንድ ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ ቆርቆሮውን ከሰርኪዩቱ ግራውንድ ጋር በየድኩት፤ ቀለም ላይ የተበየደ ሽቦ ምንም አይዝም። ክዳኑ ላይ ብርሃን የሚገባበት አንዲት ቀዳዳ ብቻ ቀረች። ቀዳዳዋን ዘግቼ ስለካ 0.22 የነበረው ወደ 0.004 ወረደ። ያን ቀን ምሳ መብላቴንም ረስቼ ነበር።

ኬብልን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ቢኤንሲ ኬብል ሲነቃነቅ ብቻውን ቻርጅ ያመነጫል። በዚህ መጠን ስትለኩ ይታያል። ኬብሉን ጠረጴዛው ላይ በፕላስተር አጣብቁት፤ በምትለኩበት ጊዜም ጠረጴዛውን አትደገፉ።

የቀረው ሦስተኛው ዜሮ ነው፤ እሱ ደግሞ ከኤሌክትሪኩ ይብሳል። ቅጠሉ ከሌለ በቦታው ምን ይቀመጣል? ጥቁር ካርቶን አስቀመጥኩ፤ ቁጥር አሳየ። ጥቁር ጨርቅ፤ እሱም አሳየ። ለዓይን ጥቁር የሆነ ነገር ለፎቶዳዮድ ጥቁር ላይሆን ይችላል። የቴሌቪዥን ሪሞት ፊት ላይ ያለችውን ጥቁር ፕላስቲክ እዩ። ለእኛ ድፍን ጥቁር ናት፤ ኢንፍራሬዱ ግን በእሷ ውስጥ አልፎ ነው ቴሌቪዥኑን የሚከፍተው። ሲሊከን እስከ 1100 ናኖሜትር ድረስ ያያል። በመጨረሻ የበጀኝ የኩራዝ ጥላሸት ነው። አንድ ቁራጭ ቆርቆሮ በኩራዝ ጭስ ላይ ይዤ ድፍን እስኪል አጠቆርኩት። ከሞከርኳቸው ሁሉ እንደ ጥላሸት የዋጠ የለም። በጣት ከተነካ ግን ይነሳል፤ ጠርዙን ይዛችሁ አስገቡት።

ጥላሸቱ ቢኖርም ትንሽ ቁጥር ቀረች። እሷን ያገኘኋት በአጋጣሚ ነው። ሰማያዊውን ለመከልከል ፎቶዳዮዱ ፊት ያስቀመጥኩት ቀይ የመስታወት ፊልተር፣ ሰማያዊው ሲያርፍበት እሱ ራሱ በትንሹ ያበራል። ዘበኛው ሰርቆ ማለት ነው። መፍትሔው ፊት ለፊት ሌላ ዓይነት ፊልተር መጨመር ሆነ፤ ሰማያዊውን ሳይውጥ የሚመልስ ኢንተርፌረንስ ፊልተር። የመስታወቱ ከኋላ ይሆናል። ቅደም ተከተሉን ከገለበጣችሁት ወደ ነበራችሁበት ትመለሳላችሁ። ኤልኢዲው ፊት ደግሞ ሰማያዊ ብቻ የሚያሳልፍ ፊልተር አድርጉ፤ ሰማያዊ የተባለ ኤልኢዲ ትንሽ ቀይም ይዞ ሊወጣ ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ለምን አትቀንሰውም? 0.38 ሲቀነስ 0.31፣ 0.07 ነው» ይለኛል። እኔም አስቤው ነበር። አይሆንም። ሎክ-ኢን ከሚያሳያቸው ነገሮች ሁለቱን እዩ። አንዱ አር ይባላል፤ የሲግናሉ ጠቅላላ መጠን ነው። ሌላው ኤክስ፤ ከምታችሁ ጋር በትክክል የሚገጥመው ክፍል ነው። እኔ የማነበው አርን ነበር። በኬብል የሚገባው ምት ከብርሃኑ ጋር በጊዜ አይገጥምም፤ ይቀድማል ወይም ይዘገያል። ስለዚህ ሁለቱ እንደ ብር አይደመሩም፣ አይቀነሱም፤ አንዱ ሌላውን ሊያጣፋው ይችላል። ሁሉን ካጸዳሁ በኋላ የዚያው ቅጠል እውነተኛ ቁጥር 0.41 ሆኖ ተገኘ። 0.07 ብዬ ጽፌ ቢሆን ኖሮ ስድስት እጥፍ ያህል እሳሳት ነበር።

አር ሌላም ችግር አለበት። ከዜሮ በታች አይወርድም። ምንም ብርሃን ባይኖር እንኳ ኖይዙ ብቻውን አዎንታዊ ቁጥር ያሳያችኋል። እኔ አሁን መጀመሪያ ያን ቀይ ማስመሪያ አስቀምጬ በጠንካራ ሲግናል ፌዙን፣ ማለትም ሲግናሉ ከምቱ ጋር በጊዜ የሚገጥምበትን፣ አስተካክላለሁ። ከዚያ ኤክስን ብቻ አነባለሁ። ቅጠሉ ሲወጣ ኤክስ አንዴ ከዜሮ በላይ፣ አንዴ ከዜሮ በታች ሲል ሳይ ልቤ ያርፋል።

ሌሎቹን ቶሎ ልበላቸው።

ከሎክ-ኢኑ በፊት ኦሲሎስኮፕ (ቮልቴጁ ከጊዜ ጋር ሲለዋወጥ በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) አድርጉ። ሁልጊዜ። አንድ ቀን ማታ ቁጥሩ ዜሮ ላይ ጸጥ ብሎ ቁጭ አለ። ቅጠሉ ሞተ ብዬ ነበር። ኦሲሎስኮፑን ሳየው አምፕሊፋየሩ እስከ ባትሪው ጣሪያ ድረስ ሞልቷል። የቆርቆሮው ክዳን በትንሹ ተከፍቶ የክፍሉ ብርሃን ገብቶ ነበር። 100 ሜጋኦም ላይ 80 ናኖአምፒር ብቻ 8 ቮልት ይሆናል። አምፕሊፋየሩ ከሞላ በኋላ ደግሞ የእናንተ ትንሽ ምት ማለፊያ የለውም፤ ሎክ-ኢንም አያድናችሁም።

ሬዚስተሩ ላይ በትይዩ የምትገባው ትንሽ ካፓሲተርም ጉድ ሠርታኛለች። አምፕሊፋየሩ እንዳይንቀጠቀጥ 10 ፒኮፋራድ አድርጌ ነበር። ፍጥነቱን ከ37 ሄርዝ ወደ 137 ሳነሳው ሲግናሉ በ22% ገደማ ወረደ። 100 ሜጋኦምና 10 ፒኮፋራድ አንድ ላይ ከ160 ሄርዝ አካባቢ በላይ ሲግናሉን እየቆረጡ ይሄዳሉ፣ ከዚያ በታችም መቀነስ ይጀምራሉ፤ ሒሳቡን አስቀድሜ ብሠራ ኖሮ አልደነግጥም። ወደ 1 ፒኮፋራድ ቀየርኩትና ገደቡ ወደ 1600 ሄርዝ ወጣ። እንደማይንቀጠቀጥ በኦሲሎስኮፕ አረጋግጫለሁ።

ኤልኢዲው እየበራ እየጠፋ ሲመታ፣ ሎክ-ኢኑ የሚያሳየው የዚያን ካሬ ማዕበል ሙሉ ቁመት አይደለም። የመጀመሪያውን ሳይን ብቻ፣ እሱንም በአርኤምኤስ (ከሳይኑ ጫፍ ባነሰ ውጤታማ አማካይ) ነው። ከታች እስከ ላይ 1 ቮልት የሆነ ካሬ ማዕበል 0.45 ቮልት ተብሎ ይነበባል። ወደ ፒኮአምፒር ስትመልሱ ለ0.45 ማካፈል እንዳትረሱ። የእኔ 0.41 ሚሊቮልት ሲካፈል 0.91 ይሆናል፤ ይህም 9.1 ፒኮአምፒር ነው።

መጠበቅ። ሎክ-ኢኑ አማካይ የሚወስድበትን ጊዜ፣ ታይም ኮንስታንቱን፣ 3 ሰከንድ አድርጌ በ2 ሰከንድ ቁጥር የጻፍኩባቸው ገጾች አሉኝ። ሁሉንም ሰረዝኳቸው። የሎክ-ኢኑ የውስጥ ፊልተር ቀላሉ ከሆነ የታይም ኮንስታንቱን አምስት እጥፍ፣ ቁልቁለቱ የጠነከረው ከሆነ አሥር እጥፍ ያህል ጠብቁ። ኖይዙን በግማሽ መቀነስ ከፈለጋችሁ ደግሞ ጊዜውን አራት እጥፍ ማድረግ ነው፤ አቋራጭ የለውም።

ኦፕቲካል ፓወር ሜትር (የብርሃን ኃይል መለኪያ) የምትጠቀሙ ከሆነ የሞገድ ርዝመቱን አስተካክሉ። የሚለካው ብርሃን 690 ናኖሜትር ሆኖ ሜትሩ 450 ላይ ከቀረ የሚያሳያችሁ ቁጥር ወደ እጥፍ ይጠጋል። ይህን ስህተት በሌሎች ደብተር ላይ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ከእኔ ቀድሞ መሣሪያውን የነካው ሰው ትቶት የሄደው ቁጥር ነው የሚያሳስተው።

መሣሪያው ቀጥተኛ መሆኑን ማለትም ብርሃኑ እጥፍ ሲሆን ቁጥሩም እጥፍ መሆኑን ለማረጋገጥ ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ሁለት ኤልኢዲ ይበቃል። አንዱን ብቻ አብርታችሁ ጻፉ፣ ሌላውን ብቻ አብርታችሁ ጻፉ፣ ሁለቱንም አብርታችሁ ጻፉ። ሦስተኛው ቁጥር የሁለቱ ድምር መሆን አለበት። የእኔ ከ1% ባነሰ ልዩነት ገጠመ።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ዕቃውን ሁሉ አብርቼ አንድ ሰዓት ያህል እንዲሞቅ እተወዋለሁ። ከዚያ ጥላሸት፣ ቅጠል፣ ጥላሸት፣ ቅጠል እያልኩ እለካለሁ። እያንዳንዱ የቅጠል ቁጥር በሁለት ዜሮ መካከል ነው። በሁለቱ ዜሮዎች መካከል ልዩነት ካየሁ ያንን መስመር ጥዬ እንደገና እለካለሁ። በመጨረሻው ሳምንት ዜሮዎቹ ከ0.002 ሚሊቮልት አልራቁም። ጋሼን ጠርቼ ቅጠሉን እሳቸው ራሳቸው እንዲያወጡት አደረግኩ። ስክሪኑን ዝቅ ብለው ረጅም ጊዜ አዩት። «አሁን ጻፈው» አሉኝ።

ሎክ-ኢን የላችሁም? ብዙዎቻችሁ እንደሌላችሁ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ይህንንም ሞክሬዋለሁ። የኮምፒውተር ሳውንድ ካርድ ከስቴሪዮ የድምፅ ማስገቢያው ጋር ይበቃል። በአንዱ ቻናል ከፈንክሽን ጄኔሬተሩ የሚወጣውን ምት አሳንሳችሁ፣ በሌላው የአምፕሊፋየሩን ውጤት አስገቡ። ለጥቂት ደቂቃ ቅዱት። ከዚያ በፓይተን ሁለቱን አባዙና አማካዩን ውሰዱ፤ ሎክ-ኢን ውስጡ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ሁለቱ ቻናሎች እርስ በርስ ይሻገራሉና ክዳኑን ዘግታችሁ የመለካቱን ፈተና እዚህም አትዝለሉት። ሳውንድ ካርዱ ቮልት አያውቅም፤ በምታውቁት ሲግናል አንዴ ለክታችሁ መለወጫውን ያዙ። የኮምፒውተሩን የድምፅ ማስገቢያ መጠን ደግሞ ከዚያ ወዲያ አትንኩት፤ «ድምፅ አጥራ» የሚለውን ዓይነት ማስተካከያ ሁሉ አጥፉት። እኔ ሁለት ጊዜ ተረስቶኝ ከፍ አድርጌው የቀኑን ልኬት ከመጀመሪያው ደግሜያለሁ።